ችግኝ መትከል ሰለቸኝ፤ እንጦጦ ላይ በእውነት የሚጠቅም የቅዳሜ ሥራ ምንድን ነው?

የሽሮ ሜዳው

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

ሦስት ክረምት ሙሉ ችግኝ ተክያለሁ። ሁለቱን ከመሥሪያ ቤት ጋር፣ አንዱን ከሰፈር ሰው ጋር። ነገሩን ታውቁታላችሁ፤ ጠዋት አውቶቡስ ይመጣል፣ ቲሸርትና ኮፍያ ይታደላል፣ ጉድጓዱ ተቆፍሮ ይጠብቃል፣ ሰው ሁለት ሦስት ችግኝ ይተክልና ሃምሳ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ ዳቦና ለስላሳ ቀምሰን እንመለሳለን። እኔም ተነሥቻለሁ፣ አልዋሽም።

ባለፈው ሚያዝያ ግን ልጄን ይዤ የተከልነውን ላሳያት ወጣሁ። ቦታው አይጠፋኝም፣ አጠገቡ ትልቅ ድንጋይ አለ። ልጄ 12 ዓመቷ ነው። "አባዬ፣ ያንተ የቱ ነው?" አለችኝ። የቱም አልነበረም። ጉድጓዱ አለ፤ ጉድጓዱ ውስጥ እንደ ክብሪት እንጨት ደርቆ የቆመ ነገር አለ። አንዱን ሳብ ሳደርገው ከነጥቁር ላስቲኩ እጄ ላይ ቀረ። ላስቲኩን ሳይቀድ የተከለው ማን እንደሆነ እግዜር ይወቀው፣ እኔም ልሆን እችላለሁ። ልጄ ቆጠረች፤ ከስልሳ ጉድጓድ በሕይወት ያገኘነው ሰባት ነው።

ቁልቁል ስንወርድ ምንም አልተናገረችም። እሱ ነው የከበደኝ።

አሁን የምጠይቀው፦ ቅዳሜ ጠዋት ነፃ ነኝ፣ ጉልበትም አለኝ፣ አራት አምስት ጓደኞችም አሉኝ። ከመትከል ሌላ ምን ብንሠራ ነው ተራራው የሚጠቀመው? ማንን ነው የምናናግረው? ደግሞ አንድ ጓደኛዬ "ባሕር ዛፉን እኛው እየቆረጥን ለአገር በቀል ቦታ እንክፈት" ይላል፣ ያስኬዳል? ልጄንስ ይዤ ብሄድ የምትሠራው ነገር ይኖራል ወይስ ትሰላቻለች?

ችግኝ አሳዳጊ

ወንድሜ፣ ሚያዝያ ላይ ተመልሶ የሚያይ ሰው ብርቅ ነው። እኔ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ 11 ዓመት ሠርቻለሁ፣ የትኛው እንደሆነ ይቅር። በዚህ ሁሉ ዓመት "የተከልኩት እንዴት ሆነ?" ብለው የመጡትን በጣቴ ቆጥሬ ጣት ይተርፈኛል።

ለምን እንደሞቱብህ ልንገርህ። የላስቲኩ ነገር የታወቀ ነው። ሥሩ እዚያው ውስጥ ይጠመዘዝና ክረምቱን አረንጓዴ ሆኖ ያታልልሃል፣ ጥቅምት ላይ ዝናቡ ሲያበቃ አለቀለት። ከላስቲኩ ይበልጥ የሚገድለው ግን ቀኑ ነው። ሐምሌ መጀመሪያ የተተከለና ነሐሴ መጨረሻ የተተከለ አንድ አይደለም። የሐምሌው ሁለት ወር ዝናብ ጠጥቶ ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል። የነሐሴው ገና መሬቱን ሳይለምድ ፀሐይ ይወጣበታል። እሱን ቢያልፍ ኅዳርና ታኅሣሥ የእንጦጦ ውርጭ አለ፤ ለጋውን ቅጠል ሌሊት ላይ ያቃጥለዋል። ውርጩን ቢያልፍ ደግሞ በጋ ላይ ሣር ያጣ ከብትና ፍየል አለ። ችግኝህ ይህን ሁሉ ብቻውን ነው የተጋፈጠው፣ አንተ ሐምሌ ላይ ተሰናብተኸዋላ!

ስለዚህ መስከረምና ጥቅምት ላይ ና። ሥራው ለፎቶ አይመችም። ዙሪያውን ትኮተኩታለህ፣ ሣሩን ታጭድና እዚያው ሥሩ ላይ ትጎዘጉዘዋለህ፣ እርጥበት ይይዝለታል። በቁልቁለቱ በኩል አፈሩን እንደ ግማሽ ጨረቃ አድርገህ ትደፍናለህ፣ የመጨረሻው ዝናብ እዚያ እንዲያቁር። የሞተውን ትቆጥራለህ፣ ምን እንደገደለው ትጽፋለህ። አዎ፣ መጻፍ ሥራ ነው፤ የትኛው ዝርያ በየትኛው ቁልቁለት እንደያዘ የሚያውቅ ሰው ስለሌለ ነው በየዓመቱ አንድ ዓይነት ስህተት የምንሠራው። ኅዳር ላይ ለጋዎቹን በሣር ትከልላለህ። በጋውን ውኃ ማመላለስ ነው፣ ጀርባህን ያምሃል።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገርህ። ከሁሉ የሚያዋጣው እኛ የተከልነው ሳይሆን ወፍ የዘራው ነው። የሐበሻ ጥድንና የወይራን ፍሬ ወፍ ይበላዋል፣ ሌላ ቦታ ሄዶ ይጥለዋል። አጣጥ ሥር፣ ቀጋ ሥር፣ ባሕር ዛፉም ሥር ብትፈልግ የጣት ቁመት ያላት ጥድ ታገኛለህ። ቁጥቋጦው ሞግዚቷ ነው። ፀሐዩን ይከልልላታል፣ እሾሁ ፍየሉን ያርቅላታል። ይህን የማያውቅ ሰው ግን "ቦታ እናጽዳ" ይልና ቁጥቋጦውን ከነልጁ ይመነጥረዋል፣ ከዚያ በዚያው ቦታ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ከጣቢያ የመጣ ችግኝ ይተክላል። እኔ ራሴ ወጣት ሳለሁ እንዲህ አድርጌያለሁ፣ አሁን ሳስበው ያመኛል። ስለዚህ ራሳቸው የበቀሉትን ፈልጎ አጠገባቸው እንጨት ተክሎ ጨርቅ ማሰር፣ ሣር አጫጅ ሳያያቸው እንዳያጭዳቸው፣ ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ልጅህም ትችለዋለች። የልጅ ዓይን ከእኛ ይሻላል፣ ለመሬትም ትቀርባለች።

ባሕር ዛፉን እንዳትነኩ! አንደኛ ያለ ፈቃድ ዛፍ መቁረጥ ያስጠይቃል። ሁለተኛ ብትቆርጡትም አይሞትም፤ ጉቶው በአንዱ ፋንታ አራት አምስት አድርጎ ያቆጠቁጣል። ባላገሩ የሚወደው ለዚህ አይደል? ሙልጭ አድርጋችሁ ብትመነጥሩት ደግሞ ቁልቁለቱ ባዶ ይቀርና ሐምሌ ላይ አፈሩ ሽሮ ሜዳ ድረስ ወርዶ ደጃፍህን ያንኳኳል። ባለሙያ ምልክት እያደረገ ያሳሳዋል፣ ከሥሩ አገር በቀሉ ብርሃን ያገኛል፣ ከዚያ ጉቶው ያወጣውን ቡቃያ በየሁለት ሦስት ወሩ እየዞሩ መገንጠል አለ። እሱ ላይ ሰው ያስፈልጋል።

የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልን ሄደህ አናግር። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና ከተማ አስተዳደሩ በጋራ ያቋቋሙት ነው፤ ከ700 ሄክታር በላይ ነው፣ አብዛኛው ባሕር ዛፍ የነበረ፣ በአገር በቀል እየተተካ ያለ። ብቻህን ሄደህ "ልርዳችሁ" ካልክ ምን እንደሚያደርጉህ ይጨንቃቸዋል። አምስት ሆናችሁ፣ "በወር ሁለት ቅዳሜ፣ ለአንድ ዓመት፣ አንድ ቦታ ስጡን" በሉ። "ለአንድ ዓመት" የምትለዋ ናት ቁም ነገሯ። የአንድ ቀን ሰው ሞልቷቸዋል።

አንድ ነገር ረሳሁ። ችግኝ ሲሰጡህ ስሙን ጠይቅ። "ጥድ ነው" ብለው የፈረንጅ ጥድ የሚያስይዙ አሉ፣ ቶሎ ስለሚያድግ ለጣቢያ ይመቻል። የኛው ጥድ ቀርፋፋ ነው።

እውነቱን እንነጋገር

እኔ ልቃወም።

መጀመሪያ ነገር፣ ይህ "በጎ ፈቃድ" የምትሉት ኩትኳቶ የቀን ሠራተኛ እንጀራ ነው። እናንተ ደመወዝ ያላችሁ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ በነፃ ስትኮተኩቱ ኃላፊው "ለምን ሠራተኛ እቀጥራለሁ" ይላል። እኔ የማውቀው አንድ ቦታ ላይ በትክክል ይሄ ሆኗል፣ ተማሪዎች መጡ፣ ስድስት እናቶች ሥራ አጡ።

ሁለተኛ፣ ቁጥሩ ላይ ነው ችግሩ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተባለ። ደስ ይላል። የተተከለውን ሁሉም ሸምድዶታል፤ ከዚያ ውስጥ ዛሬ የቆመውን የሸመደደ አንድ ሰው አምጡልኝ።

ሦስተኛ ደግሞ ባሕር ዛፍን እንደ ሰይጣን አታድርጉት። በምኒልክ ጊዜ የአዲስ አበባ ዙሪያ ደን ለማገዶና ለቤት አልቆ ንጉሡ ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ግንባታ ሁሉ አስጀምረው ነበር። ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው ከተማዋን እዚህ ያስቀራት። አያቶቻችን በእሱ ቤት ሠሩ፣ በእሱ እንጀራ ጋገሩ። አሁን ጋዝና ኤሌክትሪክ ስላገኘን "መጤ" እንለዋለን። ይሉኝታ ይኑረን እንጂ።

ችግኝ አሳዳጊ

ስለ ባሕር ዛፉ ውለታ አልከራከርህም፣ እናቴ ቤት ማገሩም ወራጁም እሱ ነው። ግን ሥሩ ሣር እንኳ እንደ ልብ አያበቅልም፣ ምንጭ አጠገብ ሲሆን ደግሞ ውኃውን ይጠጣዋል። ውለታ ያለበት ሰው ቤትህ መጥቶ አልጋህን ቢወርስህ ዝም አትልም አይደል?

ስለ ቀን ሠራተኛው ያልከው እውነት አለበት፣ እኔም አይቻለሁ። ግን እኔ በሠራሁበት ገንዘቡ የሚመጣው ለተከላ ነው። ሰኔ ላይ ለጉድጓድ ይከፈላል፣ ሐምሌ ላይ ለጫኝ ይከፈላል። መስከረም ሲጠባ በጀቱም አብሮ ይጠባል። ጥቅምት ላይ የሚነጠቅ እንጀራ የለም፤ ሥራው ሠሪ አጥቶ ነው የሚያድረው። ጠያቂው ግን ልብ ይበል፣ ስትሄዱ መጀመሪያ የምትጠይቁት "ይህን ሥራ እስከ ዛሬ ማን ይሠራው ነበር?" መሆን አለበት። መልሱ "እነ እከሊት" ከሆነ ሌላ ሥራ ጠይቁ።

የእንጦጦዋ

እኔ እንጨት በተሸከመች እናት ጀርባ ያደግሁ ነኝ። እናቴ ሃያ ዓመት ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ለቅማ፣ ከቁመቷ የሚበልጥ ሸክም ወገቧ ላይ አስራ፣ ቁልቁል እየወረደች ነው አራታችንን ያስተማረችን። ስለዚህ እንዲህ ዓይነት ወሬ ሳይ አንድ ነገር እፈራለሁ፤ ቲሸርት የለበሱ ሰዎች መጥተው "ደን ጨፍጫፊ" ብለው እናቶችን ሲያባርሩ። ሆኗል እኮ! እኔ ልጅ ሆኜ እናቴ ሸክሟን ተቀምታ ባዶ እጇን የገባችበትን ቀን አልረሳም። ያን ዕለት ጎረቤት ነው ያበላን።

የሽሮ ሜዳው ወንድሜ፣ እናንተ እንደዚያ ናችሁ እያልኩህ አይደለም። ግን ስትወጡ የምታገኟቸውን ሴቶች ሰላም በሉ፣ አናግሩ። ተራራውን ከማንም ባለሙያ በላይ ያውቁታል። የትኛው ምንጭ መቼ እንደሚደርቅ፣ ጅቡ የት እንደሚያድር፣ ድኩላ የት እንደሚታይ፣ የኮሶ ዛፍ የቀረው የት እንደሆነ እነሱን ጠይቅ። እናቴ ጥድ አትነካም ነበር። "የኛ አይደለም" ነው የምትለው፣ የማን እንደሆነ ግን ነግራን አታውቅም።

ደግሞ ቡቃያ ትገነጥላላችሁ አይደል? የገነጠላችሁትን እዚያው አትጣሉት። ሰብስባችሁ መንገድ ዳር ከምሩት፣ የሚወስደው አይጠፋም። ለእናንተ ቆሻሻ ነው፣ ለአንዷ እናት የቀኑ ሸክም ነው።

ጣና ዳር

ከባሕር ዳር ነኝ፣ እንጦጦን አላውቀውም። ግን "ዘመቻ" የሚለውን ቃል ከእኛ በላይ የሚያውቀው የለም፣ እንቦጭ አስተምሮናል።

እንቦጭ ጣና ላይ ከታየ 10 ዓመት አልፎታል። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው፣ አበባው ሐምራዊ፣ ሲያዩት የሚያምር። መጀመሪያ የመጣብን በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ በኩል ነው፣ ደምቢያ፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ሊቦ ከምከም፣ ፎገራ። ሕዝቡ በእጁ ወጣ። ገበሬው ሥራውን ትቶ፣ ተማሪው፣ ቄሱ፣ እስከ ደረቱ ውኃ ውስጥ ገብቶ ይነቅላል። በ2013 ጥቅምት ላይ ደግሞ አገር አቀፍ የአንድ ወር ዘመቻ ነበር፣ ከየቦታው ሰው መጣ። እኔም አንድ ሳምንት ሄጄ ነቅያለሁ። ያየሁትን ፍቅር እስክሞት አልረሳውም፣ አንዲት አሮጊት ከቤታቸው ቆሎ በመሶብ ይዘው መጥተው ለማናውቃቸው ሰዎች ሲያድሉ።

ግን በሚቀጥለው ዓመት ስመለስ እዚያው ቦታ ላይ እንደገና አበባ አውጥቶ ጠበቀኝ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ከ15 ዓመት በላይ ሳይሞት መቆየት ይችላል። ሙቀትና ምግብ ካገኘ ደግሞ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ምግቡ ከየት ይመጣል? ከደጋው ታጥቦ ከሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ ነው፣ ከከተማም ፍሳሽ አለ። ስለዚህ ሐይቁ ዳር ቆመህ የምትነቅለውን ወንዙ ከላይ እየቀለበ ይመልስልሃል። ሌላም ስህተት ሠርተናል፤ የነቀልነውን ዳር ላይ ከምረን ሄድን፣ ክረምት ላይ ውኃው ሲሞላ ክምሩን ጠርጎ ወሰደው። ራሳችን ተሸክመን እንደዘራነው ቁጠሩት።

የሚያስቆጨኝ ከሁሉ ደንገሉ ነው። ታንኳ የሚሠራበት፣ ዓሣ የሚራባበት፣ ወፍ ጎጆ የሚሠራበት ደንገል ከብዙ ቦታ ጠፍቷል፣ ለእርሻ ተብሎ ተመንጥሯል። እኛ ሰፈር አሁን ጥቂት ሰዎች ሆነን ደንገል መልሰን እየተከልን ነው፣ ዳርቻው ላይ ከብት እንዳይገባ እየጠበቅን። ስማችንም የለም፣ ማኅበርም አይደለንም። በዓመት ሦስት መቶ ሜትር ብንይዝ ደስታችን ነው። ከአንድ ሺህ ሰው የአንድ ቀን ሥራ ይልቅ የዘጠኝ ሰው የዓመት ሥራ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው፤ ዘመቻው መጥፎ ነበር ማለቴ ግን አይደለም፣ ያን ጊዜ ባይነቀል ኖሮ ጀልባም አይንቀሳቀስ ነበር።

ለጤናችሁም ልንገራችሁ። ጣና ውስጥ በባዶ እግር መግባት ቢልሃርዝያ አለበት። እኛ አልሰማንም፣ ሁለታችን ታመን መድኃኒት ወስደናል። ቦቲ ጫማ ከቲሸርት ይቅደም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

አጭር ነገር ልጨምር። እኔ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፣ ሰፈራችን ውስጥ ጅረት የሚከተል ፓርክ አለ። እዚህ ያለው ጠላት ከአውሮፓ ለጌጥ የመጣ ሐረግ ነው። ዛፉ ላይ ይወጣና አንቆ ክብደቱን ይጭንበታል። የሞንጎመሪ ካውንቲ ፓርኮች በጎ ፈቃደኛ ይቀበላሉ፣ ግን መጀመሪያ ሥልጠና አለ። ቅጠል ከቅጠል መለየት ሳትማር መቁረጫ እንድትይዝ አይፈቀድልህም። መጀመሪያ ናቁኝ ብዬ ተናድጄ ነበር፣ ገበሬ ልጅ ነኝ እኮ። በኋላ ራሴ ነኝ የአገሩን ተክል ሐረግ መስሎኝ ልነቅል ስል እጄን የያዙኝ።

የተማርኩት ዘዴ ቀላል ነው። ሐረጉን ከላይ አትጎትተውም፣ ቅርፊቱን ይዞ ይወርዳል፣ ቅርንጫፍም ራስህ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ደረትህ ጋ ዙሪያውን ትቆርጠዋለህ፣ የላይኛው እዚያው ላይ ደርቆ ይቀራል፣ የታችኛውን ከነሥሩ ትነቅላለህ። በወር አንዴ ነው የምሄደው። ስድስት ዓመት ሆነኝ፣ የያዝኩት ቦታ ከአንድ የኳስ ሜዳ አይበልጥም።

የሚገርማችሁ አብረውኝ ከሚነቅሉት ጡረተኞች አንዷ ሁልጊዜ ስለ ኢትዮጵያ ወፎች ነው የምትጠይቀኝ። አንድም አላውቅም ነበር። አፍሬ መጽሐፍ ገዛሁ።

ችግኝ አሳዳጊ

ወፍ ካነሣችሁ፣ ጠያቂው ለልጅህ ይህን ልንገርህ። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አለ፣ ከ1966 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ አንጋፋ ማኅበር ነው። ጥር ገደማ የውኃ ወፎች ቆጠራ ያደርጋሉ፣ ቢሮአቸውን ጠይቅ። ገፈርሳ ብትወስዳት ደግሞ ክንፉ ሰማያዊ የሆነውን ዝይ ልታይ ትችላለች፣ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የሌለ ነው። መቁጠር ትወዳለች ብለሃል፣ ጉድጓድ ስታስቆጥራት ከምትውል ዝይ ትቁጠር።

የሽሮ ሜዳው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሦስት ሳምንት የጠፋሁት ሥራ ላይ ስለነበርኩ ነው፣ ልንገራችሁ።

አራት ሆነን አንድ ቦታ ሄደን አናገርን። ("ባሕር ዛፍ እንቁረጥ" ያለው ጓደኛዬ ቀረ፤ መቁረጥ ከሌለበት አልመጣም አለ።) ኃላፊው መጀመሪያ ያሉት "ስንት ሰው ናችሁ? ባነር አላችሁ?" ነው። አራት ነን፣ ባነር የለንም፣ ግን ለአንድ ዓመት ነው የመጣነው ስንላቸው ቀና ብለው አዩን። "ይህን ሥራ ማን ይሠራው ነበር?" ብዬም ጠየቅሁ፣ እውነቱን እንነጋገር ያልከው ወንድሜ ይኸው ሰምቼሃለሁ። "ማንም" አሉኝ። አንድ ገደል አፋፍ ሰጡን፣ ከአንድ ሄክታር ብዙም አይበልጥም፣ ከአራት ዓመት በፊት የተተከለ፣ ግማሹ የሞተ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ኮተኮትን። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ እጄ ውኃ ቋጠረ። ጓንት አለመያዝ! ዶማችንም አንድ ነበር፣ በተራ። ሁለተኛው ቅዳሜ ዘነበብን፣ ዛፍ ሥር ቆመን ሻይ ጠጥተን ተመለስን።

ሦስተኛው ነው ደስ ያለኝ። ልጄ መጣች። የእንጦጦዋ እህቴ እንዳልሽው ከላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ አንዲት እናት አገኘንና ሰላም አልናቸው። ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አሳርፈው ምን እንደምንፈልግ ጠየቁን። "ራሱ የበቀለ ጥድ" ስንላቸው ሳቁ። "ምን ልታደርጉት?" አሉ። ልናስርበት ነው ስንል የባሰ ሳቁ። ግን ልጄን እጇን ይዘው ወሰዷትና አንድ የቀጋ ቁጥቋጦ በእግራቸው ገለጥ አደረጉላት። አምስት ጥድ! የአውራ ጣቴን ቁመት የሚያህሉ። እኛ በዚያ ቁጥቋጦ በኩል ሁለት ቅዳሜ ተመላልሰናል። ስሟን ጠይቀው "ነገም አለሽ?" አሏት። እንግዲህ ስምሪቷ ከእሳቸው ጋር ሆኗል።

እስከ ማታ ጨርቅ ስናስር ዋልን። ሰማያዊ ጨርቅ ነው፣ አሮጌ አንሶላ ቀደን። 9 ጥድና 23 ወይራ አገኘን። ልጄ በደብተሯ ካርታ ሠርታ ሁሉንም በቁጥር አስቀምጣቸዋለች። ወይራው እንዲህ መብዛቱ ገርሞናል፣ ገላጣው ቦታ ላይ ሁሉ አለ።

ችግኝ አሳዳጊ

ደስ ሲል! እናትዬዋን ሰላም በልልኝ።

ግን 23 ወይራ ትንሽ በዛብኝ፣ ያውም ገላጣ ላይ። አንድ ነገር አድርግልኝ። ቅጠሉን ገልብጠህ ጀርባውን እየው። ወይራ ጀርባው ወርቃማ ወይም ቡናማ ነው፣ እንደ ዝገት። ሁለቱም ፊት አረንጓዴ ከሆነና ስትነካው ትንሽ የሚያጣብቅ ከሆነ ክትክታ ነው።

የሽሮ ሜዳው

...

14ቱ ክትክታ ናቸው። ልጄ ካርታውን ይዛ አኩርፋለች።

ችግኝ አሳዳጊ

አታኩርፍ በላት። ክትክታም አገር በቀል ነው፣ አትንቀሉት። ጨርቁን ግን ፈታችሁ ለሌላ አድርጉት። ደግሞ ከመፍታታችሁ በፊት እያንዳንዱን ክትክታ ጎንበስ ብላችሁ ሥሩን እዩ፣ ስለ ሞግዚት ቁጥቋጦ ያልኩህን አስታውስ።

የሽሮ ሜዳው

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄደን አየን። ከ14ቱ ክትክታ የሁለቱ ሥር ወይራ አለ። ጀርባው ወርቃማ ነው፣ ልጄ ሦስት ጊዜ ገልብጣ አረጋግጣለች። ሁለቱን ጨርቆች አልፈታናቸውም።